ፊደሉ ነው የሚያስፈራዎት?

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ዘመድ አሉኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ደባርቅ ተወልደው፣ ዳባት አድገው፣ ሜሪላንድ የከበሩ ሰው ናቸው። ስልክ ሲደውሉ በጤና ይጀምሩና በቻይና ይጨርሳሉ። ሰሞኑን ደግሞ «ቻይና በመንግሥቷ ገንዘብ ቋንቋዋን እያስተማረች ልጆቻችንን ልትወስድ ነው!» ብለው ነደዱ።

ጋሼ፣ እዚህ ተመርቆ ሥራ ያጣው ልጅ እኮ ጭንቀቱ «ወሳጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ነው።

«በመንግሥት ገንዘብ ነው የምልህ!» አሉ። ሰማሁ። እስቲ የእርስዎን ዘመን እናንሳ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልዎ፤ የሜሪላንድ ሰው ነዎትና እንዳይቸገሩ። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች ከአሜሪካ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበተኑ። ወጪያቸውን የቻለው የማን መንግሥት ነበር? የኬኔዲ ወይስ የደባርቅ ዕድር? ከዚያ በፊትም የፈረንሳዩ አሊያንስ አዲስ አበባ ከገባ 1907 ነው። በማግስቱ ዓመት የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ ግብጻውያን ነበሩ። ጀርመኖቹ ጎተ ኢንስቲትዩትን፣ እንግሊዞቹ ብሪቲሽ ካውንስላቸውን ይዘው መጡ። ያን ሁሉ «ሥልጣኔ» ብለን ተቀበልን፤ ቻይናው ጠመኔ ሲያነሳ «ሰላይ!» አልን። ፊደሉ ነው የሚያስፈራዎት?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ተረቱብኝ። ደግ። የባንክ ደብተርዎን የሞሉበት እንግሊዝኛ የማን ወርቅ ነው? ለመሆኑ የሊማሊሞን ቁልቁለት ፈልፍሎ መንገድ ያወጣው ጣሊያን አይደለም እንዴ? ይኸው ስንወርድበት ስንወጣበት ኖርን፤ ጣሊያን የሆነ ግን አላየሁም።

እንዲያውም የሰላም ጓድን ትምህርት ፍሬ ልንገርዎ። በ60ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የአሜሪካንን ኢምፔሪያሊዝም በ«ስትራግል» ጋዜጣው ሲያብጠለጥል በየትኛው ቋንቋ የነበረ ይመስልዎታል? ባብዛኛው በጥርት ያለ እንግሊዝኛ! አሜሪካ ከፍላ አስተማረች፣ በከፈለችበት ቋንቋ ተሰደበች። የቋንቋ ዕርዳታ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው፤ ተማሪው መልስ መስጠት ይጀምራል። ቤጂንግ ይህን ካልፈራች እርስዎ ምን አስፈራዎት?

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት የሚባለው የመጀመሪያው በ2004 ሴኡል ተከፈተ። እኛም አገር ደርሶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ገብቷል። ከደባርቅ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ዓባይን አልፎ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቻይና አስተማሪውን፣ መጽሐፉንና አንድ ዳይሬክተር ትልካለች፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ክፍሉንና የራሱን ዳይሬክተር ያቀርባል። ልጆቹ ኤችኤስኬ የሚባለውን ፈተና ይፈተናሉ፣ «የቻይንኛ ድልድይ» በሚባል ውድድር ላይ ይዘፍናሉ ይናገራሉ፣ የቀናው የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኛል፣ ሌላው ዱከም ባለ የቻይና ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ይሆናል። ስለላ ከሆነ፣ በዓለም ላይ እንደዚህ የቤት ሥራ የሚበዛበት ስለላ የለም።

አይ፣ ጋሼን ዝም ብዬ ላሳጣቸው አልፈልግም። እውነት ያለበትን እሰጣቸዋለሁ። በ2014 ፖርቹጋል ውስጥ የአውሮፓ የቻይና ጥናት ምሁራን ሲሰበሰቡ፣ የኢንስቲትዩቶቹ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሹ ሊን የታይዋን ድርጅት የተጠቀሰባቸውን ገጾች ከጉባኤው መጽሔት አስቀድደዋል። እንግዳ ሆኖ መጥቶ የባለቤቱን መጽሔት መቅደድ፣ ይህ በየትኛውም አገር ነውር ነው። በዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውሉን አላድስም አለ። ታይዋን፣ ቲቤት፣ ቲያናንመን የሚባሉ ነገሮች እነዚህ ክፍሎች ውስጥ አይነሱም የሚለውም ወቀሳ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

«የአፍሪካ ኅብረትስ?» አሉኝ ቶሎ ብለው። አዎ፣ በ2018 ለ ሞንድ ቻይና ሠርታ ከሰጠችው ሕንጻ ኮምፒውተሮች በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ጽፏል፤ ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል። ነገር ግን ጋሼ፣ ሰርቨር ኤችኤስኬ አይፈተንም። ሊሰርቅ የመጣ በሽቦ ይገባል እንጂ ለልጆቻችን አራቱን የድምፅ ቃና እያስጠና ጉሮሮውን አያደርቅም።

ደግሞ እርስዎ ባሉበት አገር የሆነውን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ኦዲተር እንደጻፈው፣ በ2019 ወደ 100 የነበሩት ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩቶች በ2023 ከ5 በታች ቀርተዋል። ጎበዝ! ግን ቻይንኛ መማር ቆመ? አልቆመም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው «ወሳኝ ቋንቋዎች» ብሎ ለተማሪ ገንዘብ ሲሰጥ ቻይንኛ እዝርዝሩ ውስጥ አለ። እርስዎ ግብር የሚከፍሉበት የሞንጎመሪ ካውንቲም ሕፃናቱን በቻይንኛ የሚያስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለው። እነሱ አስተማሪውን አባረው ትምህርቱን በራሳቸው ኪስ ቀጠሉ። እኛ አስተማሪውን ብናባርር ትምህርቱን በማን ኪስ እንቀጥላለን? ይህን ሳይነግሩን ነው «አባርሩ» የሚሉን።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ደባርቅ ላይ ቱሪስት የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ጋይድ «ቻይንኛ ብቻ ልቻል፣ ሰሜን ተራሮች የእኔ ናቸው!» ይላል። አይ ወንድሜ! አፍሮባሮሜትር የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ጠያቂ ድርጅት በ18 የአፍሪካ አገሮች ወጣት የትኛውን የውጭ ቋንቋ ቢማር ይሻለዋል ብሎ ቢጠይቅ፣ ከ100 ሰው 71ዱ እንግሊዝኛ አለ፣ ቻይንኛ ያለው 2 ነው። የመንገድ ሥራ ያየ ሕፃን ፈረንጁን ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» ስላለ ሕዝቡ ወደ ቤጂንግ ዞሯል ማለት አይደለም። ለነገሩ አንተ እንግሊዝኛህንስ የትኛው ኢንስቲትዩት ገብተህ ተማርከው? ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግርህ እየሄድክ፣ ከሆላንዱም ከእስራኤሉም አፍ ለቅመህ ነው። አሁን የጎደለህ ቋንቋ አይደለም፤ በጦርነቱ የጠፋው እንግዳ ነው። ጭላዳው እንደሆነ በማንኛውም ቋንቋ ብትጠራው ሣሩን ከመንጨት ቀና አይልም።

ግን ቻይንኛ ቢቻል አንድ ጥቅም አለው፣ ከጋይዱም ከአስተርጓሚውም የሚበልጥ። በ2000 እና በ2018 መካከል ኢትዮጵያ ከቻይና ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር ወስዳለች። በ2021 ደግሞ 100 የቻይና የብድር ውሎችን የመረመሩ አጥኚዎች፣ ከ2014 ወዲህ ከተፈረሙት ውስጥ ምስጢር ጠብቁ የሚል አንቀጽ የሌለው አንድም አላገኙም። እኔ እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ልጅ ዘፈን ከሚያወጣልኝ ይልቅ ውል ቢያነብልኝ እመርጣለሁ። «ምስጢር ከሆነ ምኑን ያነባል?» ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ልክ ነዎት ጋሼ፤ ግን ያን ምስጢር የፈረመው የቋንቋ አስተማሪው አይደለም። በአማርኛ ምለው የተሾሙ ሰዎች ናቸው።

«ኪሳችንን በብድር፣ አፋችንን በቋንቋ ያዙት» አሉኝ መጨረሻ ላይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እስቲ ማን ማንን እንደያዘ እንይ። ቤጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምራቸው 100 ገደማ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እኛ ቻይንኛ ስንማር የምትከፍለው ቻይና፣ እነሱ አማርኛ ሲማሩም የምትከፍለው ቻይና! እኛ ለየትኛው ከፈልን? ለክፍሉ መብራት።

እንግዲህ የእርስዎ ትንሹ ልጅ እዚያው ሞንጎመሪ ካውንቲ ቻይንኛ ይማራል አሉ፤ ውጤቱም ደህና ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ያ የቤጂንጉ ተማሪ ደግሞ «ሀ ሁ»ን ጨርሶ ወደ ንባብ ገብቷል። አንድ ቀን ሁለቱ ቢገናኙ የሚያወሩት በቻይንኛ ነው፤ ልጅዎ አማርኛ አይችልማ።