ለጆተኒ የሄደ ዓሣ በላ

ሐዋሳ ለዕረፍት የሚወርድ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደሚበላ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ወስኗል። 275 ኪሎ ሜትሩን የሚነዳው ስለ ዓሣ እያወራ ነው። ባቱ ላይ ሻጮች ዓሣ አንጠልጥለው ሲያሳዩት እንኳ “ቆይ፣ ሐዋሳ!” ብሎ ያልፋል።

ባለታሪካችንም ከነሚስቱና ከነልጁ እንዲሁ አልፎ፣ ስሙ ቢቀር የሚሻል አንድ ሆቴል ገባ። የምግብ ዝርዝሩ እንደ ስልክ ማውጫ ወፍሯል። አስተናጋጁ ግን ሰውየው ጣቱን ባሳረፈበት ሁሉ “እሱ ዛሬ አልቋል” እያለ አብሮት ገጽ ይገልጣል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የመጣው ዓሣ ማዮኔዝ ተቀብቶ፣ ሐይቁ በመስኮት እየታየ፣ ሐይቁን ጭራሽ የረሳ ዓሣ ነበር። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ድንቹን በላች።

ማታ ልጁን ጆተኒ አማረው። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር ራቅ ብሎ፣ ሁለት የፑል ጠረጴዛና አንድ ጆተኒ ያለው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ተገኘ። ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይታያል። የጆተኒው ሰማያዊ ቡድን በረኛ ጭንቅላት የለውም፤ ያም ሆኖ ባለታሪካችን ሲያጠቃ ከባለ ጭንቅላቱ በረኛ የተሻለ ያድናል።

“አንተ፣ ይሄ ሽታ ከየት ነው የሚመጣው?” አለች ሚስቱ።

ከጓሮ ነበር። ሰውየው የቤቱን ልጅ ጠርቶ የምግብ ዝርዝር እንዲያመጣ ጠየቀው። ልጁ ሳቀ። “ዓሣ ነው ያለው።” ሌላስ? “ዳቦም አለ።”

የመጣው ሙሉ ቆሮሶ ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ፣ እሳት እስከ አጥንቱ እንዲገባ ሆኖ በጋለ ዘይት ተጠብሷል። ላዩ ይንኮሻኮሻል፤ ስንጥቁን ይዘው ሲጎትቱት ነጩ ሥጋ ሳይለምኑት ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከጎኑ ሎሚና ዳጣ አለ፦ አረንጓዴ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተፈጭቶ። ሚስትየዋ ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችውን “ጨምሩልን” የሚል ቃል ተናገረች።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ጀልባ ሲደርስ ዓሣው እዚያው ይፋቃል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ አሞራዎች አንጀቱን ለመሻማት እንደ ሠራተኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ዓሣው ለሆቴሉም ለፑል ቤቱም ከዚያው ሐይቅ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ በላተኛው ላይ ነው። የሆቴል እንግዳ ቢከፋው ነገ አዲስ አበባ ነው። ፑል ቤት የሚበላው ባጃጅ ነጂ ግን ማታ ማታ ይመጣል፤ ዓሣው አንድ ቀን ከሸተተው ዘንጉን ጥሎ፣ በሰው መሀል፣ የወጥ ቤቷን እመቤት ስም እያነሳ ይሳለቃል። ይህን ያህል ጥብቅ ተቆጣጣሪ በየትኛውም ባለ ኮከብ ሆቴል አይገኝም።

ጨዋታ ቤት ጥሩ ማብሰል የሐዋሳ ብቻ ዕድል አይደለም። ቶኪዮ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው ኮኩጊካን የተባለ የሱሞ ትግል አዳራሽ በያኪቶሪው ታዋቂ ነው፤ በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብሱ የሚሠራው እዚያው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ዶሮ የተመረጠችበት ምክንያትም ይነገራል፦ በሱሞ እጁ መሬት የነካ ታጋይ ተሸናፊ ነው፤ ዶሮ ደግሞ በሁለት እግሯ ብቻ ስለምትቆም መልካም ገድ ናት። በዚህ ሂሳብ እግር የሌለው ቆሮሶ ሳይታገል ተሸንፏል ማለት ነው።

ወደ ፑል ቤቱ እንመለስ፦ ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ስለነበር አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሌላ ትግል ገጥመዋል። አንዱ “ደም ያለው ሁሉ ፍስክ ነው” ይላሉ፤ ሌላው “የውሃ ፍጥረት ከሥጋ አይቆጠርም” ይላሉ። ያ የቆየ ክርክር እዚያች ጠረጴዛ ላይም አልተቋጨም፤ ክርክሩ ሳያልቅ ግን ዓሣው አለቀ። በተለይ ፍስክ ነው ያሉት አባት ጭንቅላቱን ሳይቀር ጠራርገው፣ “እኔ እንኳ ለማስረዳት ያህል ነው” አሉ።

ሂሳብ ተጠየቀ። በጆተኒ ሕግ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ባለታሪካችን ደግሞ ዓሣው እስኪጠበስ፣ ሁለተኛው እስኪጠበስ፣ ከዚያም ምግቡ እስኪረጋለት ከልጁ ጋር ሲጫወት አምሽቷል። የጨዋታው ሂሳብ ከዓሣው ሂሳብ በለጠ። እሱ ኪሱን ሲዳብስ ሚስቱ ወረቀቱን አንዴ አየችውና፣ “በል ተነሳ፣ እኔ ነኝ የምገጥመው” ብላ፣ በዳጣ የተለወሰ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተራ ያዘች።