ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀትንና ሰዓትን የሚመለከት ጥናት

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአኃዙ ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ርቀቱ ለሄደም ለመጣም አንድ ነው ከሚሉት የጂኦግራፊ መምህራን ጋር ነው።

መጀመሪያ የታወቀውን እናስቀምጥ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩም ክንፉም እንደ ልብ አይሠሩም፤ ለዚህን ያህል መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በረራ አንዴ ሮም፣ አንዴ ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ጉዞው ከነዕረፍቱ 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፤ በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከኋላ ይገፋል። ተመላሹ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል።

መሐንዲሶች ጥፋቱን ሁሉ በአየሩ መሳሳት ላይ መጣላቸው ግን አድልዎ ይመስለናል። ለመንገደኛው የሚፈቀዱት ሁለት ሻንጣዎች እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ናቸው። እንደታዘብነው ከዚህ ውስጥ የመንገደኛው የራሱ ንብረት አንድ ሹራብ ነው። የቀረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና ቡና ነው፤ ጎረቤት በመጨረሻዋ ሰዓት «ቀላል ናት» ብለው ያመጧት ፌስታልም አለች። ሚዛን ላይ ትርፍ ሲገኝ የሚወጣው ሹራቡ ነው። የበረራ ሳይንስ ይህን ሁሉ «ጭነት» ብሎ በአንድ ቃል ማለፉ በርበሬውን የሚገባውን ክብር ነፍጎታል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋዋ 7፣ በክረምቷ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት (የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል)። ማታ ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት እዚያ ነው፤ ጠዋት ከደለስ የተነሣ ደግሞ ቦሌ የሚገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። ነዳጅ የሚቆጥር ሰው መሄዱ ይረዝማል ይላል። የግድግዳ ሰዓት የሚቆጥሩ አንዲት አክስት ግን «ሲሄድ አንድ ሌሊት፣ ሲመጣ ቀንና ሌሊት» ሲሉ አስረድተውናል። «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሎ የሄደ ልጅ ለምን እስካሁን እንዳልመጣ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው፤ ቤተ ዘመዱም ሌላ ማብራሪያ እንድንፈልግ አላበረታታንም።

ጥናቱ ያልፈታው ጉዞው የት እንደሚያልቅ ነው። አየር መንገዱ ጎማው መሬት ሲነካ አለቀ ይላል፤ ላኪዎች ፌስታሏ ከባለቤቷ እጅ ስትገባ ነው ባዮች ናቸው። ከደለስ ተቀባዩ እስከሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ተቀባዩ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ፣ አምጪውም ገና መኪና ስለሌለው፣ ይህች ቁራጭ መንገድ ሁለት ሳምንት ትወስዳለች። በየማታው ከአዲስ አበባ እየተደወለ የፌስታሏ ደኅንነት ይጠየቃል። የአምጪው ደኅንነት የተጠየቀበት አጋጣሚ በማስረጃችን ውስጥ አልተገኘም።