ሸማኔውና የበዙት ጠባቂዎች

ከአባያ ሐይቅ ሽቅብ፣ በጋሞ ደጋ፣ ደም የሚባል አገር ነበር አሉ። አገሩን ነጭ ጋቢ የለበሱ ጠባቂዎች ይጠብቁታል። ወራሪ ሲመጣ ይበዛሉ፣ ሲሸሽ ይቀንሳሉ፤ ዕድሜው የደረሰው ይሞታል፣ ልጁ ይተካል። አንድ ዘመን ግን ወራሪ ሳይታይ ነጭ ለባሹ ገበያውንም መንገዱንም አጣበበው።

ወጣቶቹ ጦር አንስተው "ነጭ የለበሰ ሁሉ ይውጣልን!" አሉ። አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። መስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች ለበቀል የተነሳውን ወጣት የመለሱት በዚሁ ሣር ነው፤ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ዳኝነት አላየሁም።

"ልጆቼ፣ መብዛት ወንጀል አይደለም" አሉ የአገሩ መሪ ሃላቃው፣ ሸንጎ በሚቀመጡበት ዱቡሻ ላይ። "ያለ ጥፋቱ የተባረረ ጠባቂ ነገ ወራሪ ሲመጣ ከየት ይመለስልናል? ሸማኔው ይጠሩ።"

ሸማኔው፣ የዶርዜው ሽማግሌ፣ መጡ። ፊት አላዩም፤ ፊታቸውማ ሁሉም አንድ ነው። ጎንበስ ብለው የየጋቢውን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱ። የጦር ወርዋሪው ወገን ጥለት 19 ነው፤ እጅ ለእጅ የሚገጥመው ወገን ደግሞ 5። መንገድ ያጣበቡት ግን 19ን ለብሰው ሳለ 5ም 23ም ተጠልፎባቸዋል። ጦር ወርዋሪ ከፊሉ ካፓ፣ ከፊሉ ላምዳ የሚባል መቀነት ይታጠቃል፤ እነዚህ ሁሉም የታጠቁት አንዱን ብቻ ነው።

"ከአንዲት እናት የተባዙ ናቸው" አሉ ሽማግሌው። "ጋቢያቸው ነትቧል፣ እነሱ ግን አልሞቱም። ሌላው ጠባቂ ንጹሕ ነው።"

ጠባቂዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ጥለታቸውን ሐኪሞች ሲዲ19፣ ሲዲ5፣ ሲዲ23 ይሉታል። በፍሎው ሳይቶሜትሪ ምርመራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ጥለቱን ፈልጎ ይይዛል፤ ሌዘር ሲያርፍበት ያበራል። እንዲህ ያለው ጦር ወርዋሪ፣ ቢ ሊምፎሳይት፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 5,000 እና ከዚያ በላይ ሆኖ 3 ወር ከቆየ፣ ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ደም ካንሰር ይባላል።

ወጣቶቹ እንደገና ጦራቸውን ጨበጡ።

"አባ፣ ታዲያ አሁኑኑ አንወጋቸውም?"

"ስንቅ የሚያመላልሱላችሁ ቀይ ለባሽ ተሸካሚዎች ጎደሉ?"

"አልጎደሉም።"

"እንግዲያው ዓይናችሁን አትንቀሉባቸው እንጂ አትቸኩሉ። ቀዮቹ መጉደል ሲጀምሩ ያኔ ትነሳላችሁ።" እውነትም ብዙ ታማሚ ለዓመታት ያለ መድኃኒት፣ በክትትል ብቻ ይኖራል።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ አንዲት እናት "መንገዱ ሩቅ ነው አባ፤ እርስዎ እስኪደርሱ ስንቱ ሊባረር ነበር" አሏቸው። ሃላቃውም ከዱቡሻው አጠገብ ለሸማኔው ቤት እንዲሠራ አዘዙ። ቀርከሃውን የተሸከሙት እነዚያው ወጣቶች ናቸው።