ከአስፋልት የማይወርደው ቀበቶ

ከአዲስ አበባ ወደ ጂንካ የሚበር መንገደኛ ቀበቶውን ያለ ክርክር ያስራል። የበረራ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ ወገቡን ስታይ እንኳ አይከፋውም፤ ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ያሳያታል። ይኸው ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ላንድክሩዘር ጋቢና ሲቀመጥ ግን እጁ ወደ ቀበቶው አይሄድም። ቢሄድም ሾፌሩ ዞር ብሎ ያየዋል፦ «ምነው ጋሼ፣ መንዳቴን ተጠራጠሩ እንዴ?»

በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል እስከ ቱርሚ ባለው አስፋልት ቀበቶ የሚታሰረው ለኬላ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ይሳባል፣ ደረት ላይ ይጋደማል፤ «ቀጭ» ግን አይልም። ሾፌሩ ጫፉን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ሰላምታ ይሰጣል። (መሪውን ማን እንደያዘው አይጠየቅም።) የትራፊክ ደንቡ ቀበቶ አለማሰርን ከሚያስቀጡ ጥፋቶች ይቆጥረዋልና ቲያትሩ ገንዘብ ያድናል።

ቱርሚ ላይ ወደ ዱስ መንደር ሲታጠፍ አስፋልቱ ያልቃል፣ ትራፊኩ ይቀራል፣ ቀበቶውም ይፈታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠጠርና አሸዋ ላይ መኪና ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ብዙውን ሰው የሚገድለው ከመኪናው ተወርውሮ መውጣቱ ነው። ዱስ አጠገብ የተጎዳ ሰው ጂንካ ሆስፒታል ለመድረስ ያንኑ መንገድ እየተንገጫገጨ መመለስ አለበት። ቀበቶ ይበልጥ የሚያስፈልገው እንግዲህ የሚቀጣ በሌለበት በዚህ በኩል ነበር።

ባለ ሦስት ነጥቡ ቀበቶ የስዊድናዊው መሐንዲስ የኒልስ ቦሊን ሥራ ነው። ሰውዬው ቀድሞ በሳብ ኩባንያ አብራሪን ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ ላይ ነበር የሚሠራው፤ ቮልቮ ሲቀጥረው ደግሞ ሰው ከመቀመጫው ንቅንቅ እንዳይል የሚያደርገውን ይዞ መጣ። ቀበቶው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ኩባንያውም ፈጠራውን ለተፎካካሪዎቹ ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ከፊት የተቀመጠ ሰው የሚሞትበትን ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግንብ መላተም ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ኮርቾ መንደር፣ ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ፎቶ የሚነሳ ጎብኚ እግሩን እየመረጠ ይቆማል፤ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ገደሉ አይታየውም።

ቀበቶ ጉዳትስ የለውም? አለው። አቧራ የጠገበ ቀበቶ ነጭ ሸሚዝ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ቀይ መስመር ያሰምራል። ገላውን በነጭ አፈር አስውቦ የተሳፈረ የዱስ ጎረምሳ ደግሞ ጌጡን ለቀበቶው አካፍሎ ይወርዳል። ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ ሆድ ላይ ያረፈ ቀበቶም በግጭት ጊዜ አንጀት ሊጎዳ ይችላል። የቺካጎው ኢኮኖሚስት ሳም ፔልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1975 ደህንነት የተሰማው ሾፌር ይበልጥ ይዳፈራል ብሎ ተከራክሯል። ያለ ቀበቶም የሚከንፉትን የእኛን አይሱዙዎች አላየም።

«መኪናው ኦሞ ቢገባ ታስሬ ልሰምጥ?» የሚልም አለ። መኪና ወንዝ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ ቢገባም ግንባሩ መስታወት የመታ ሰው በር አይከፍትም። ከፍቶ ቢወጣስ፣ አዞዎቹን ምን ሊላቸው ነው?

ከኋላ ወንበር ሦስት ቀበቶ፣ አምስት ሰው። ቀበቶዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም፤ አንደኛው ለጂንካ የሚላክ የማር ጀሪካን ታስሮበታል። ሰው ተፈትቶ ማር ለምን እንደታሰረ የተጠየቀ ሾፌር መልስ አያጣም፦ «ጋሼ፣ ማሩ እኮ የሰው አደራ ነው!»