ዋስ የማይጠራ ጠያቂ

እኔ የምለው፣ እንግዳ አስቀምጦ እንዲህ የሚናገር ሰው አሳዳጊ አልነበረውም? ጄረሚ ፓክስማንን ማለቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2014 በቢቢሲው «ኒውስናይት» ላይ ሹማምንትን ሲያፋጥጥ የኖረውን። ሰውየው ከዚያ ወንበር ከተነሣ ስንት ጊዜው! የልጅ ልጄ ግን የድሮ ቃለ መጠይቆቹን በስልኩ እየከፈተ በየማታው ወደ ሥራ ይመልሰዋል።

በ1995 መግቢያ ላይ ከፓርክኸርስት ወህኒ ቤት ሦስት እስረኞች ያመልጣሉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክል ሃዋርድ «የወህኒ ቤቱ አዛዥ ይታገድ» ባይ፣ የእስር ቤቶች የበላይ ኃላፊው ዴሪክ ሌዊስ «አይሆንም» ባይ ሆኑ። ታዲያ ሚኒስትሩ «ውሳኔህን እሽረዋለሁ» ብለው አስፈራርተዋል ወይስ አላስፈራሩም? በሜይ 1997 ፓክስማን ይህንኑ ጠየቃቸው። ሃዋርድ ነገሩን በጎን አለፉት። ደገመው። አሁንም ዞሩ። ሠለሰው። ቆጣሪዎች 12 ጊዜ ጠየቀ ይላሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! ውዳሴ ማርያም እንኳ ለሰባቱ ቀን ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው።

ይባስ ብሎ፣ ፓክስማን ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ቀጥሎ የሚተላለፈው ዝግጅት ስላልደረሰ ሰዓት እየሞላ ነበር። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን እንደ ገድል ይተረካል። በ2003 ደግሞ በኢራቅ ጦርነት ዋዜማ ቶኒ ብሌርን «ከቡሽ ጋር አብራችሁ ትጸልያላችሁ?» አላቸው። ለዚህ እኮ የንስሐ አባት አለ!

እኔን «መጠየቅ አያውቁም» እንዳትሉኝ። እኔ የበላ ልበልሃ አገር ልጅ ነኝ። የእኛ የድሮ ተሟጋች ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ፣ ቤት በሚመታ ቃል ባላጋራውን መግቢያ ያሳጣው ነበር። ነገር ግን ከፊቱ ዳኛ ነበረ። ዋስ ጠርቶ ነበር የሚናገረው። ማር ወይ በቅሎ ይወራረድ ነበር፤ ከተረታ በቅሎዋ ሄደች፣ እሱ በእግሩ ይገባ ነበር። ፓክስማን ምን አስያዘ? ጠያቂውም እሱ፣ ዳኛውም እሱ፣ ቅንድቡን ሽቅብ ሰቅሎ የሚፈርደውም እሱ! ሃዋርድ በዚያው ሰሞን ለፓርቲያቸው መሪነት ተወዳድረው በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ወጡ። ጠያቂው ግን በማግስቱ ደመወዙን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነበር፣ አልክድም፤ የቀድሞ ሚኒስትር ሲያድበሰብስ ማየትም ደስ ይላል። ግን እስቲ አንዲት ጠቦት እንኳ ያስይዝና እንየው!

አሁን ዳፋው ለእኔ ተረፈ። የልጅ ልጄ ጋዜጠኝነት እማራለሁ ብሎ ልምምዱን እኔ ላይ ጀምሯል። ባለፈው ማታ ወጥ ቤት ውስጥ የክኒን ሣጥኔን ከፍቶ፣ ማክሰኞ የተጻፈበትን ክፍል በጥፍሩ እየቆረቆረ፣

«አባባ፣ የስኳር መድኃኒቱን ወስደዋል?» አለኝ።

ስለ ብርዱ አነሣሁ።

«ወስደዋል ወይ ነው ያልኩት።»

ጉልበቴን እንዳመመኝ ነገርኩት።

«አዎ ወይስ አልወሰዱም?»

እናቱ ወጡን ማማሰሏን ትታ ትስቃለች። አንቱታውን አልነሣኝም፤ በዚያ በኩል ከፓክስማን ይሻላል። ሆኖም ቅንድቡን ሽቅብ ሲሰቅል ጊዜ አልቻልኩም። «በመጀመሪያ በቅሎ አስይዝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ» አልኩት። ለንደን ውስጥ በቅሎ ይሸጥ እንደሆነ ስልኩ ላይ ሲፈልግ እኔ ደረጃውን ወጥቼ በሬን ቆልፌያለሁ።