ምን ደረሰሽ?

ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ያውቃል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የፈለፈለው ዋሻ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ተሳፋሪው ስለት ይሳላል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጉሙ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ሻይ አዝዞ ይገኛል። ጉም በተኛበት ቀን እኛ ደብረ ሲናዎች የገዛ ጫማችንን አናይም። ታዲያ እንዲህ ባለው ቀን አንዲት ባለትዳር ጥቁር ፌስታል በጋቢ ሸፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ስትገባ ከተማው በሙሉ አየ። ስንት ገጽ ኮፒ እንዳስደረገችም ተቆጥሯል፤ አርባ ሁለት።

ወሬው ሻይ ቤት ሲደርስ ባልየው እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ሚስትህ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረች አሉ። ልትማር ነው እንዴ?»

«ልትፈታኝ ነው።»

«እንግዲያማ የምትማረው አንተ ነህ።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «አሥራ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረን፣ አሁን ምን የሚሉት ወረቀት ነው?» ብሎ ተነሣ። እኔ ደግሞ የሰው ክርክር ባለበት ሻይዬን ሳልጨርስ የምወጣ ሰው አይደለሁም።

ወንድሜ፣ የከተማህ ስም ማን ነው? ደብረ ሲና። ሙሴ ሕግ የተቀበለበት ተራራ ስም ነው። እግዜር እንኳ ሙሴን «በልብህ ያዘው» ብሎ አላሰናበተውም፤ በድንጋይ ላይ ጽፎ አስያዘው። ሙሴ ተናዶ የመጀመሪያውን ሲሰብረው ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ተሰጠው። በዚህ ስም በሚጠራ ከተማ ውስጥ «የምን ኮፒ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል እኮ!» አለ።

ይባላል። እሷም የሄደችው ልታስቀዳ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ቢሉ፣ ምስኪኑ «ይወረሳል» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ በ1967 ትርፍ ቤት እንደተወሰደበት ሰው ክው አለ። ቀጥሎ «ሌባ ናት! ሳጥኔን ከፍታ ነው ያወጣችው!» አለ። ሌባማ ዋናውን ይዞ ይጠፋል። እሷ ኮፒውን አስደርጋ ዋናውን በነበረበት ሳጥን፣ በነበረበት ፖስታ፣ በነበረው እጥፋት መልሳዋለች። ዋናው መጥፋቱን ሳይሆን ኮፒው መኖሩን ነው የፈራኸው። ወረቀት አንድ ብቻ ሲሆን ካንተ ጋር ይኖራል፤ ሁለት ሲሆን ምስክር ይሆናል።

እውነት ለመናገር ይሄ ንብረት የመቁጠር ነገር ፈረንጅ ያመጣው አይደለም። እናቶቻችን በሰማንያ ሲጋቡ ጠጁ ከመቀዳቱ በፊት ንብረት ይቆጠር ነበር። የሙሽራው አባት ይህን ያህል በሬ፣ የሙሽሪት አባት ይህን ያህል ላም ብለው በሽማግሌ ፊት ይናገራሉ፤ ዋስ ይጠራል። ሲፋቱም «ሰማንያ ቀደዱ» ይባላል። ዛሬ ሠርጋችን አራት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ አለው፤ ኬኩ ሲቆረጥ ከሦስት አቅጣጫ ይታያል፤ ላሟ ግን በአንዱም አትታይም። የሠርጉ ዕለት ንብረት መቁጠር ነውር ሆነ። በትዳር መካከል መጠየቅ አለማመን ሆነ። ስትፋታ መቁጠር ደግሞ ክህደት ተባለ። ታዲያ መቼ ትቁጠር? በተዝካርህ?

ከሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አዋቂ «ሴትየዋ ተሞኘች፤ ወረቀት ከምታሳድድ ውሽማውን ብታሳድድ ይሻላት ነበር» አለ። ይህ ሰው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ቆሞ የቀረ ነው። ያን ጊዜ የፍቺን ነገር የሚያየው የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለውም በንብረት ይቀጣ ነበር። ስለዚህ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለው ነገር ዋጋ ያወጣ ነበር። በ1992 የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ አማራ ክልልም በ1995 በአዋጅ 79 የራሱን አወጣ። ዛሬ በጥፋተኛው ላይ ካሳ ሊታሰብ ይችል ይሆናል እንጂ የጋራው ንብረት የሚከፈለው እኩል ለእኩል ነው። ውሽማይቱን ብታመጣት ዳኛው ስሟን ይመዘግባል፤ የባንክ ደብተሩን ብታመጣው ግማሹን ይሰጣታል። የትኛዋን ትፈልግ?

ደግሞ እዚህ ላይ ባሎች የማይወዱት ነገር አለ። ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘውን ሁሉ፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። «የግሌ ነው፣ ከሠርጉ በፊት ነበረኝ፣ ከአባቴ ወርሼው ነው» የሚል ሰው ነው ወረቀት ማምጣት ያለበት። በሌላ አነጋገር ፎቶ ኮፒ ቤት መሰለፍ የነበረብህ አንተ ነህ። እሷ ለምን ደከመች ትል እንደሆነ፣ ሕግ የጋራ መሆኑን ያውቃል፤ መኖሩን ግን አያውቅም። ዳኛው ያላየውን አይከፍልም።

አሁን ወደ አስታራቂው ሽማግሌ ቤት እንሂድ። ፍርድ ቤት አቤቱታ ሲቀርብለት መጀመሪያ ታረቁ ይላል፤ በመረጣችሁት ሽማግሌ ተነጋገሩ ብሎ ይልካል። እነዚህም ተላኩ። የሠፈሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ባል ባዶ እጁን መጣ፤ ሚስት ሰፌድ ይዛ መጣች። ጥሬ ልታበጥር ነው ብለን ነበር። ወረቀቶቿን ከፌስታሉ አውጥታ አንድ በአንድ ሰፌዱ ላይ ደረደረቻቸው። የቁጠባ ደብተሩ ኮፒ ላይ የዋናው የዘይት ነጠብጣብ ሳይቀር በጥቁር ወጥቷል። የእቁቡ ካርድ አለ፤ ዙሩ፣ መደቡ፣ የጸሐፊው ፊርማ። የቤት ግብር የተከፈለበት አለ። ከሁሉ በታች አረንጓዴው የመሬት ደብተር፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት። የክልላችን የገጠር መሬት ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶ ይይዛልና፣ ከሠርግ ፎቶ ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ሠርጋቸው ላይ ሳቂታ ነበረች፤ እዚህ ላይ ኮስተር ብላለች። ያኔውኑ አውቃ ይሆናል።

«እህስ፣ አይሱዙው?» አሉ ሽማግሌው።

«የወንድሜ ነው» አለ ባል። «ሊብሬው በሱ ስም ነው።»

«ልክ ነው አባባ» አለች። «ጎማው ግን በዚህ በባሌ ስም ነው የተገዛው። ይኸው።»

«ሰው ለወንድሙ ጎማ አይገዛም?»

«ይገዛል። ለልጁ ጫማ ሲገዛ ግን አላየሁም።»

ሽማግሌው ሳላቸውን ሳሉ። እኔ የሚያስሉት ሲስቁ እንደሆነ አውቃለሁ።

«የቤቱ ካርታስ?»

«ጠፍቷል።»

«ካርታ ቁማርተኛ እጅ ላይ ይጠፋል፤ ማዘጋጃ ቤት ያለው ፋይል ግን ቁማር አይጫወትም» አለች። የፋይሉን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጽፋዋለች።

ይሄኔ ባል ከኮቱ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዘ። ለካስ ባዶ እጁን አልመጣም። «ዕዳ አለብን! ከአጎቴ 300 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ፤ እሱ ሳይከፈል ክፍያ የለም!» ብልሃቱ ይገባናል። ለቤቱ ኑሮ የተወሰደ ዕዳ ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት ይነሣል፤ ስለዚህ በፍቺ ሰሞን አጎት ሁሉ አበዳሪ ይሆናል። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት፣ አገላበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ፊርማውን አሸት አደረጉት። ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ።

«ዕዳው የሦስት ዓመት ነው ይላል። ቀለሙ ግን ገና አራስ ነው።»

«አባባ» አለች ሚስት፣ «ይህን አጎት በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሲበደር እንጂ ሲያበድር አይተነው አናውቅም። ለሠርጋችን የሰጠንን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንኳ ብርድ ሲመጣ መልሶ ወስዶታል።»

«ገቢህ ስንት ነው?» አሉት በመጨረሻ።

«ገቢ የለኝም።»

«እውነቱን ነው አባባ። ገቢው ቤት ገብቶ አያውቅም። ወጪው ግን ማታ ማታ ሲወጣ አየዋለሁ።»

«አንቺስ ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ደረሰሽ?»

ሰፌዱን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። «ደረሰኝ።»

ዕርቅ አልሆነም። ሽማግሌ ካላስታረቀ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ሰጣቸው። ሦስት ወር ለማሰብ የተሰጠ ነው። አንዳንዱ ባል ግን ያስባል ሲባል ንብረት ያዛውራል። ፍሪጁ እህቱ ቤት ሄዶ ይበርዳል፣ ላሟ ርቢ ወጥታ ሌላ ሰው ደጅ ታገሣለች። የፌዴራሉ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በ1992 ይህ ገንዘብ ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የበዓል ዶሮ እንኳ በ500 ብር ፊቷን ታዞራለች። እንግዲህ በሕጉ ዓይን የፋሲካ ዶሮ ለመሸጥም የሚስትህ ፊርማ ያስፈልግሃል። አንተ ግን መኪና ትሸጣለህ።

የባንኩ ነገር ትንሽ ይለያል። ሚስት መስኮቱ ላይ ሄዳ «የባሌን ሒሳብ አሳዩኝ» ብትል አያሳዩአትም፤ የደንበኛ ምሥጢር ነው። ዳኛ ሲያዝ ግን ባንክ አፍ ያወጣል። የሚፈለገው የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ መጠቆም ነው፤ ለዚህም ሱሪ ከመታጠቡ በፊት ኪስ መፈተሽ ያለ ነው። በዚሁ ጉዳይ የሰማኋት ቀልድ አለች፦ ባል ዳኛ ፊት ቀርቦ «አብቁተ በሚባል ቦታ ያስቀመጥኩት ገንዘብ የለም፤ እንዲያውም አብቁተ የሚባል ነገር ዛሬ የለም» ብሎ ማለ። አልዋሸም። የብድርና ቁጠባ ተቋሙ አብቁተ ስሙን ለውጦ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ሚስትየዋ «ክቡር ዳኛ፣ ክረምቱ አልፎበት ነው እንጂ ገንዘቡስ በፀደይ አብቧል» አለች አሉ። ቴሌብርም ከ2013 ግንቦት ወዲህ ስላለ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ የሚያስቀምጥ ባል ሁሉ የሚደብቀው የሴት መልእክት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪ ሒሳብ።

ሴቶችም አትሳቁ። በእህት ስም የሚጣል እቁብ አውቃለሁ። «የእናቴ አደራ ነው» የሚባል፣ እናቲቱ ግን ሰምተውት የማያውቁ የአንገት ወርቅም አውቃለሁ። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሰፌዱን እሱም ይዞ ቢመጣ ኖሮ እናየው ነበር።

ወደ ባልየው ልመለስ። ባለፈው ማክሰኞ ከፍርድ ቤት ወጥቶ መናኸሪያው ጋ ቆሞ አገኘሁት፤ ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ የደሴ አውቶቡስ ገና አልደረሰም። ቆሎ ሻጮቹ ዕቃቸውን በራሳቸው ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዷን፣ ያችን ምላሷ ከገብሷ ቀድሞ የሚቆላውን ልጅ ጠራት።

«ስንት ነው?»

«ለእርስዎ ሃምሳ።»

«ለሌላውስ?»

«ለሌላውም ሃምሳ፤ እኩል ነው ጋሼ። እርስዎ እኩል መስማት ስለማይወዱ ነው ለብቻ የነገርኩዎ።»

ቆሎውን ተቀበላት። የመቶ ብር ኖት ሰጣት። መልሱን ቆጥራ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ቆጠረው፤ እንደገና ቆጠረው፤ በጉሙ ውስጥ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረው። ልጅቱ ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ በጣም በትሕትና፦

«ጋሼ፣ ደረሰኝ ይቆረጥልዎ?»