እሸት ጥበቃ

መስከረም አጋማሽ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወዳለው መንደሯ ሄድኩ። ትምህርት ተከፍቷል፤ የ11 ዓመት ልጇ ግን ጧት ተነስቶ የሚይዘው ወንጭፉን ነው። በቆሎው እሸት ይዟል፣ ዝንጀሮው የሚያድረው ደግሞ እዚያው ገደሉ ላይ ነው።

“ዛሬ አንተ ተማር፣ እኔ እጠብቃለሁ” አልኩት። ፊቱ በራ። አክስቴ ግን፣ “ዝንጀሮ ሰው ያውቃል ልጄ፤ እንግዳ መሆንህን ያየዋል” አለችኝ።

ማማው ላይ ወጣሁ። ረፋዱ ላይ አንድ አውራ ዝንጀሮ ከማሳው በላይ ብቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ወርጄ ጅራፍ አጮህኩበት። ሃያ እርምጃ ያህል ሸሸት ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ተከተልኩት፤ አሁንም ሸሸት አለ። አታሎኝ ይሁን አጋጥሞት እንጃ፣ ብቻ በገደሉ በኩል አገዳ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ መንጋው ገብቷል። ልጇን ያዘለች አንዲት ዝንጀሮ የእሸቱን ሽፋን በጥርሷ ገሽልጣ፣ ሁለቴ ገምጣ ጣለችና ሌላ ቀነጠሰች። ከበላችው የጣለችው ይበልጣል።

ስንቆጥር 43 አገዳ ወድቋል። አክስቴ አልተቆጣችም፤ ግማሹ የተበላውን እሸት ለላሟ ለቀመችው። ልጁ ደብተሩን እንደያዘ መጥቶ “ገቡ?” አለኝ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ማታ አንድ ጎረቤት እሸት በመርዝ ለውሰን እንድንጥል መከረን። አክስቴ “ውሻዬስ?” ብላ እምቢ አለች፤ ልክ ነች። መርዝ ዝንጀሮው ላይ አይቆምም፤ ሬሳውን የበላ ጅብም ጥንብ አንሳም ይሞታል። አፍሪካ ውስጥ ጥንብ አንሳን በዋናነት እየፈጀ ያለው መርዝ ነው። በዚሁ መርዝ ነብርም ካለቀ ዝንጀሮን አድኖ የሚበላው ማን ሊሆን ነው? ጋና ውስጥ አንበሳና ነብር በተመናመኑበት ቦታ ዝንጀሮው በዛ፤ እዚያም ልጆች ከትምህርት ቀርተው ማሳ ይጠብቃሉ።

የሚበጀው መንጋው ተከልሎ የሚቀርብበትን የማሳ ዳር ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ከዚያም በላይም በታችም ሰው ማቆም ነው። አንድ ሰው ሁለቱን ወገን አያይም። ለአጨዳ ደቦ የሚጠራ አገር ጥበቃውን ለምን ለአንድ ሕፃን ይተዋል?

ማሳችሁ የተጎራበተ ሁሉ፣ በቆሎው እሸት ሳይዝ የጥበቃ ተራ አውጡ። ተራው ውስጥ ተማሪ አታስገቡ።